የኢድሪስ ክፍል ላሜራ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27። 11 ሰዓት።

መሰላሉ ከጓሮ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የአርበኞች በዓል ቢሆንም ደብተር ላመጣ ሄጄ ከት/ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ባሌ ሰይድ ሜትሩን ይዞ ጣሪያው ላይ ነው፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል። ሰላም አላለኝም፤ ሲለካ አያወራም። የ4ኛ ለ ደብተር የሞላ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆሜ አየሁት። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ደም ግፊት አለበት። ቆርቆሮ ላይ ግን እንደ ድመት ነው የሚሄድ።

ሲወርድ ነገረኝ። የጎረቤታችን የከድጃ ልጅ ከሳውዲ በአውሮፕላን ተመልሶ ገብቷል። ሌሎቹንም እያመጧቸው ነው አሉ። ስለዚህ የኛም ልጅ አይቀርም። ስለዚህ ክፍሉ ክረምት ሳይገባ መስተካከል አለበት። ሁለት ጊዜ "ስለዚህ" አለ። "ስለዚህ" የሚባለው ምክንያት ሲኖር ነው እያልኩ የማስተምር ሴት፣ ሳላርመው ቦርሳዬን ይዤ ገባሁ።

አንቺ ደብተር፣ ላንቺ እንኳ እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም። ኢድሪስ ሞቷል።

ይኸው ተጻፈ። ዓርብ ዕለት የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ከውጭ አገር ቁጥር ተደወለ። ጀማል ነኝ አለ፤ የግራናው፣ ከኢድሪስ ጋር አብሮ የወጣው። እስር ላይ ስለነበረ እስከ ዛሬ መደወል አልቻለም። በኅዳር ነው። ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ፣ በረሃው ላይ፣ በሁለተኛው ቀን። በእጃቸው ቆፍረው ቀበሩት። አራት ሆነው ሰገዱበት። ልጅ ነው፤ መርዶ ለእናት በስልክ እንደማይነገር የሚመክረው ትልቅ ሰው አጠገቡ የለ። ስለኛ ምን አለ ብዬ ጠየቅኩት። እማ፣ ሁላችንም የምናወራው ስለ ውሃ ብቻ ነበር አለኝ። ቢዋሸኝ ምናለበት ነበር። አልዋሸኝም።

ከዚያ ገብቼ የቀረውን ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። አምስት ወር ሙሉ ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ስጠብቅ የነበረው ለካ የሞተ ልጅ ነው። ሰይድ አያውቅም። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28።

አሮጌውን ላሜራ ማንሳት ጀመረ።

ላስረዳሽ። የኢድሪስ ክፍል ከትልቁ ቤት ጎን የተቀጠለ ነው። ቆርቆሮው የትልቁን ቤት የብሎኬት ግድግዳ ተከትሎ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበት መስመር ላይ የታጠፈ ላሜራ ይገባል። አናጢዎቹ ፍላሺንግ ይሉታል። ግድግዳው በመሮ ይቦረቦርና አንዱ ጠርዙ እዚያ ውስጥ ይቀበራል፤ ሌላው ቆርቆሮው ላይ ይተኛል። እንዲያ ካልሆነ በግድግዳው የሚወርደው ዝናብ ቀጥታ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚገባው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት አናጢ አግብቼ ሠላሳ ዓመት ስለኖርኩ ነው እንጂ ወድጄ አይደለም።

ክፍሉን ባለፈው ዓመት አባትና ልጅ አብረው ሠሩት። ማለቂያው ላይ ሰይድ ወልድያ ሥራ ተጠርቶ ሄደ። ይቺን መስመር ኢድሪስ ብቻውን ዘጋት። ግድግዳውን አልቦረቦረም። ላሜራውን ልስኑ ላይ በምስማር መታው፣ ሲሚንቶ ለቀለቀበት፣ አለቀ። ክረምቱን ሙሉ አፈሰሰ። መስከረም ላይ ሰይድ ወጥቶ አየና ሰው ፊት ተናገረው። ውሃ ሰው አይደለም፣ ይሉኝታ የለውም፣ በልቅለቃ አይታለልም አለው። እስከዚህ ድረስ የአናጢ ቁጣ ነው። ከዚያ ግን፣ አንተ ኑሮህም እንዲሁ ልቅለቃ ነው አለው። ይቺን ባይጨምራት ምን ነበረበት። ልጁ ሰምቶ ከግቢው ወጣ። በጥቅምት ሄደ። ከጅቡቲ ለኔ ደወለልኝ፤ ለአባቱ አልደወለም። ልጃችን እሱ አንድ ብቻ ነው።

ሰይድ ያን ቀን አንስቶ አያውቅም። ዛሬ ግን እያንዳንዱን ምስማር በቀስታ እየነቀለ ጣሳ ውስጥ ሲያጠራቅም አየሁት። የዛገ ምስማር ምን ያደርግለታል? አልጠየቅኩትም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30።

ወንድሜ ይመር ከግራና መጣ። ወሬው በጀማል ቤተሰብ በኩል ደርሶታል። እንዴት አድርጎ እኔን እንደሚያረዳኝ ሲጨነቅ ነው የመጣው። ገና በሩ ላይ ፊቴን ሲያይ ማወቄን አወቀ። ጓዳ ገባን። እኔ ፎጣ ነክሼ፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ላይ ሰይድ እያፏጨ ይሠራል።

ይመር መጀመሪያ በጀማል ተናደደ፤ እናት መርዶዋን በስልክ ትረዳለች ወይ እያለ። ከዚያ ወጉን ተናገረ። ሰይድ ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ መስጊድ ሲወጣ ሽማግሎች እዚያው ይጠብቁታል። ሸሁ ይኖራሉ፤ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ይመጣሉ። አብረውት ወደ ቤት ይገባሉ፤ አስቀምጠው፣ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ይነግሩታል። እኔም ያኔ የሰማሁ እመስላለሁ። ነገ ይሁን አለ።

አይሆንም አልኩ። ሰውየው መሰላል ላይ ነው የሚውል። አንድ ጊዜ ግፊቱ ተነስቶበት ወልድያ ሆስፒታል ሳምንት ተኝቷል፤ ድንጋጤ አይስማማውም ብለውናል። ይጨርስ። ይውረድ። መሰላሉ ይግባ። ከዚያ ይነገረው። ይመር አየኝ። ከጨረሰው በኋላ ክፍሉ ለማን ሊሆን ነው አለኝ። ይጨርስ አልኩት ደግሜ። በመጨረሻ እሺ አለ። ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፣ ከሱብሒ በኋላ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።

ላንቺ ግን እውነቱን ልጻፍ። ግፊቱ ሰበብ ነው። ለዘጠኝ ቀን በሕይወት ያለ ልጅ አባት እንዲሆን ፈልጌ ነው። እኔ እንዲያ መሆን አልችልም፤ እሱ ይሁን።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የበልጉ ዝናብ ከተራራው በኩል መጣ። መስመሩ ክፍት ነው፤ አሮጌው ተነስቶ አዲሱ አልገባም። ላስቲክ አልብሶት ነበር፣ ነፋሱ ገለበው። ውሃው በግድግዳው ወርዶ የኢድሪስ ፍራሽ ላይ። ሁለታችንም ሮጥን። እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ አንዱን። በሩ ላይ ተሰነቀርን፤ እሱም፣ እኔም፣ ፍራሹም። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ደብተሬ፣ ሳቅኩ እኮ! አፌን በእጄ ያዝኩት። የሳቄ ብዛት መሰለው።

ዛሬ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ትራሱ ላይ የፀጉር ቅባቱ ሽታ እስካሁን አለ። የትራሱን ልብስ አላጠብኩትም፤ አጥፌ ሣጥኔ ውስጥ አስገባሁት። ሰይድ ፈለገው። እጠቢው እንጂ፣ ልጁ መጥቶ እድፍ ላይ ሊተኛ ነው ወይ አለኝ። ነገ አልኩት።

የ4ኛ ለ ፈተና አልታረመም። ማረም አልቻልኩም። ሃያ ሁለቱን አረምኩ፣ ሁሉም ላይ "ጎበዝ" ጽፌያለሁ። እንደገና ማየት አለብኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 3። ማታ 1 ሰዓት።

እማማ የሺ አረፉ። ከኛ ሦስት ቤት አልፎ ናቸው። ዕድሜ ጠግበው፣ ልጅ የልጅ ልጅ አይተው፣ ንስሐቸውን ጨርሰው። እንዲህ ያለ ሞት ያስቀናል።

ድንኳን ገባሁ። ሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። አልቃሿ ስለ እማማ የሺ ደግነት ትላለች። ገና ሁለተኛውን ሙሾ ስትደግም፣ አለቀስኩ። እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም። ለሰማንያ ዓመት አሮጊት እንደዚያ አይለቀስም። ነጠላዬ ወለቀ፤ ማን እንደመለሰልኝ አላውቅም። እሪ ብዬ፣ መሬቱን እየመታሁ፣ አሥር ቀን የያዝኩትን ሁሉ እዚያ አፈሰስኩት። በሰው ለቅሶ የራሴን አለቀስኩ። የእማማ የሺ ልጆች ይቅር ይበሉኝ፣ አፉ ይበሉኝ።

ሲበርድልኝ ቀና አልኩ። አንድም ሴት ምን ሁነሽ ነው አላለችኝም። እነሱም ያለቅሳሉ። እኔን እያዩ ነው የሚያለቅሱት። ከድጃ እጄን ይዛለች፤ ልጇ ተመልሶላት እሷ ታለቅሳለች። ያኔ ገባኝ። የመርሳ ከተማ በሙሉ ሰምታለች።

ሰይድ ከወንዶቹ በኩል ተቀምጦ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ፣ እማማ የሺን እንዲህ ትወጃቸው ነበር ወይ? አላውቅም ነበር አለኝ። ክንዴን ያዘኝ። ሰው እያየ ክንዴን ይዞኝ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰይድ ሰሞኑን የከተማው ሰው ምን ነካው ይላል። ማንጎ ሻጯ ያልገዛውን ትጨምርለታለች። የሕንፃ መሣሪያ ሱቁ ባለቤት ሲሚንቶውን ራሱ በጋሪ ይዞለት መጣ። ባጃጆቹ መንገድ ይለቁለታል። መርሳ ጨዋ ሆነች፣ መቼም ከክረምት በፊት ይለቃታል እያለ ይቀልዳል። ሲቀልድ ፊቱን አላየውም፤ ድስት አማስላለሁ።

ዛሬ የባሰው መጣ። ታደሰ። ላሜራ አጣፊው። ሲሪንቃ ላይ በነበረ አንድ የጣሪያ ሥራ ተጣልተው ከሰይድ ጋር ሰላምታ ከተዉ ስንት ዓመታቸው ነው። ሰይድ ላሜራውን ያዘዘው በሰው በኩል ነው። ታደሰ ግን አጥፎ፣ ጠርዙን አስተካክሎ፣ ራሱ ተሸክሞ መጣ። ግቢው መሐል አስቀመጠና ሳይናገር ሄዶ መሰላሉን ያዘ።

ሰይድ ከላይ አየው። እኔን አየኝ። ወርዶ ውሃ ሊጠጣ መስሎ ጓዳ ገባና ሹክ አለኝ።

"ይኼ ሰውዬ ሊሞት ነው እንዴ? ሐኪም ቀን ቆርጦለት አፉታ ፍለጋ የወጣ ነው የሚመስል።"

"ያ ረቢ፣ ምን አፍ ነው!" አልኩት።

"ታዲያ ምን ሁኖ ነው? ከእጅ አይሻል ዶማ ብዬ እንኳ ሰድቤው ዝም አለኝ።"

ተመልሶ ወጣ። ሆን ብሎ ነገር ፈለገው። ላሜራው ሲገጠም ከታች ነው የሚጀመረው፤ የላይኛው የታችኛውን እየደረበ ይወጣል፣ ውሃው እንዳይገባበት። ይህንን ሕፃን ያውቀዋል። ሰይድ ግን ከላይ ብንጀምርስ አለው። ድሮ ቢሆን ታደሰ መሰላሉን ጥሎ ይሄድ ነበር። ዛሬ አንገቱን ደፍቶ፣ እንዳልክ ይሁን አለ። ሰይድ መሮውን አስቀመጠና ብዙ ጊዜ አየው። ማታ ራት ላይ አልቀለደም። የማይከራከር ታደሰ ደስ አይልም አለ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6።

ጮኽኩበት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

መብራት ስለሌለ መቁረጫ ማሽኑ አልሠራም። ስለዚህ ግድግዳውን በመሮና በመዶሻ ነው የሚቦረቡረው። ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ የአንድ ጣት ያህል ጥልቀት። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የሚመታው። ወጥቼ፣ በቃህ! ለማን ብለህ ነው? አልኩት። ጎረቤት ሰማ። ታደሰ መሰላሉን እንደያዘ መሬት መሬት አየ።

ሰይድ ከላይ ሆኖ፣ "ለልጅሽ ነዋ" አለኝ። ቁጣ የለበትም። የጠየቅኩትን ነው የመለሰልኝ።

ራሴን አሞኛል ብዬ ገባሁ። ድምፁ ቆመ። ተቀይሞ የተወው መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጀመረ፤ ግን በጣም ቀሎ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ። በመስኮት አየሁ። የራስ ጥምጣሙን ፈትቶ መዶሻው ላይ ጠቅልሎታል። ራሱ ለፀሐይ ተጋልጦ፣ በተጠቀለለ መዶሻ፣ ሁለት እጥፍ ጊዜ እየፈጀበት።

ምነው ቢሰድበኝ ኖሮ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7።

ከትምህርት ስመለስ ከላይ ጠራኝ። ነይ፣ ውጪ፣ የማሳይሽ አለ። መሰላል አልወጣም አልኩ። ታደሰ ይይዝሻል አለ። ወጣሁ። አራት እርከን።

አሮጌው ላሜራ ሁሉ ተነስቶ የታችኛዋ ቁራጭ ብቻ ቀርታ ነበር፤ አሸንዳው አጠገብ ያለችው። ዛሬ ከዚያ ሊጀምር ስለሆነ ሲሚንቶውን አንኩቶ አነሳት። የቁራጯ ጫፍ ወደ ውጭ ታጥፏል። ትንሽ ናት፣ የመዳፍ ያህል። ውሃው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግድግዳውን እንዳይልስ፣ አሸንዳው ውስጥ ወርውራ እንድትጥለው። ብዙ አናጢ ይረሳታል አለ። እኔ ራሴ አንዳንዴ እረሳታለሁ አለኝ። ለኢድሪስ አሳይቼው አላውቅም። ማን አስተማረው? ጣቱን ማጠፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ያመላልሳል። ከራሱ ነው ያመጣት፣ ከራሱ ጭንቅላት፣ እያለ። ዓይኑ እንዲህ ሲያበራ ካየሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው።

አልጣላትም። አጥቦ፣ አዲሱን ከሷ ላይ ደርቦ ጀመረ። እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትገባ፣ መስመሩን በሙሉ ገጥሞ፣ የተቦረቦረውን በሲሚንቶ ሞልቶ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ የተኛውን ጠርዝ በምስማር አልመታም፤ ቆርቆሮ በፀሐይ ይረዝማል፣ ይላወሳል፣ ቸንክረው ከያዙት ይቀደዳል አለ። ያለቀ ሥራ ሲያይ የሚያደርገውን አደረገ፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር አየው።

ከዚያ እንዲህ አለኝ። "ሲመጣ አፉ በለኝ እለዋለሁ። ሰው ፊት ነው የተናገርኩት፣ ሰው ፊት ነው የምለው። ታደሰንም እጠራዋለሁ፣ ይስማ።"

ታደሰ ፊቱን አዞረ። እኔ ድስቱ አረረ ብዬ ገባሁ። ድስት አልጣድኩም ነበር።

ዘጠኝ ቀን ሰጠሁት ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ምን ዓይነት ስጦታ ነው? ለማይመጣ ልጅ አፉታ ሲያሰናዳ ነው የከረመው። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ አየሁት። እንደኔ ክፉ ማን አለ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8። 10 ሰዓት ተኩል።

ይህን የምጽፈው ኢድሪስ ክፍል ውስጥ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። ሰይድ ላይ ነው። ሲሚንቶው ገና ነው፣ ነገ ይፈተሽ አልነው፤ እንቢ አለ። ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲመለስ በጀሪካን ውሃ ይዞ ወጣ። ግድግዳው ላይ ያፈስሳል፣ እኔ ከውስጥ አያለሁ። ገባ? ይለኛል። አልገባም እለዋለሁ። ውሃው ላሜራው ላይ ሲሄድ ይሰማል፤ መጨረሻው ላይ ደርሶ አሸንዳው ውስጥ ይወድቃል።

ጁምዓ ላይ ሸሁ እጁን ይዘው ብዙ ቆዩ አለኝ። ለኢድሪስ ዱዓ አድርጉለት አልኳቸው፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ደግ ሰው ናቸው አለኝ።

ነገ ከሱብሒ በኋላ ይመጣሉ። ያስቀምጡታል። እሱ ግን እነሱን አይሰማም፤ እኔን ነው የሚያየኝ። ሠላሳ ዓመት ፊቴን ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። መቼ ነው ያወቅሽው ይለኛል። አሥራ አምስት ቀን አጠገቡ ተኝቼ። ፍራሹን አብሬው ተሸክሜ። ከሽማግሌ አፍ ሰምቶ የኔን ዝምታ ከዚያ በኋላ ሲደርስበት፣ ሁለት ሰው ነው የሚሞትበት።

አሁን ከሰዓት ለይመር ደወልኩለት። ነገ ኑ፣ ግን ተነግሮት ነው የምታገኙት አልኩት። ጮኸብኝ። ወግ አለ፣ ሥርዓት አለ፣ ቢወድቅ ማን ይደግፈዋል አለኝ። እኔ አልኩት። አንቺን ማን ይደግፍሻል አለኝ። ዘጋሁት።

ሁለተኛ ጀሪካን። ገባ? አልገባም።

ምን እንደምለው አስቤያለሁ። ስለ በረሃው አልጀምርም። በመጀመሪያ፣ ሞቷል እለዋለሁ፤ እንደ ሌላው ሰው ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ቀጥሎ፣ አውቄ ደበቅኩህ እለዋለሁ። ከዚያ አፉ በለኝ። እሱ ለልጁ ያሰናዳው አለው፤ እኔም ለሱ አለኝ። ያቺን የታጠፈች ቁራጭ ያያት ጊዜ የሆነውን ፊት አጠፋዋለሁ። ያ ረቢ አቅም ስጠኝ። ጀማል ስለ ውሃ ያለኝን አልነግረውም። እሱን ብቻ እኔ ይዤው እቀራለሁ።

ታደሰ መሰላሉን ይዟል። ቅድም በበሩ ብቅ ብዬ፣ ታደሰ፣ ዛሬ ሳልነግርህ እንዳትሄድ አልኩት። ገባው። ባርኔጣውን አወለቀ።

ሦስተኛ ጀሪካን። ይኼ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ደፋው መሰለኝ። ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት፣ ከላይ እስከ ታች። ደረቅ ነው።

"ገባ?"

አልገባም። ጨርሰሃል፣ ውረድ አልኩት።

መሰላሉ ጮኸ። ዘጠኝ እርከን ነው። መሬት ሲረግጥ እጁን ይዤ እዚህ አስገባዋለሁ፣ አልጋው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ከኔ አፍ ይሰማል።

ሦስት። አራት። ታደሰን እየተሳደበ ነው የሚወርድ፤ እንዲከራከረው ብሎ ነው። ስድስት። ታደሰ አይመልስለትም።

ስምንት።